መኪናዋ የታነቀችበት አረፋ

ባንክ በር ላይ ጥበቃው ሳኒታይዘር እጄ ላይ ጠብ ሲያደርግልኝ እንደ ሰው አሻሽቼው አልገባም። ቀሚሴ ላይ ጠርጌው ነው የማልፈው። ከኋላዬ የተሰለፈው ያጉረመርማል፤ ጥበቃውም አንዳንዴ ቀሚስሽን ነው ወይስ እጅሽን የማጸዳልሽ ብሎ ያሾፍብኛል። ይሹፍ። ያ ቀዝቀዝ የሚያደርግ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚወጋ ሽታ በደረሰኝ ቁጥር አሶሳ፣ የባባ ሐሰን ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ነኝ፤ ቀኑ አረፋ ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ይህን ለጥበቃ ማስረዳት አይቻልም። ቢቻልም ሰልፉ አይጠብቅም።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ከወለጋ መጥተው አሶሳ የሰፈሩ ናቸው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ እናቴ ዳቦ እየጋገረች ለሻይ ቤቶች ታስረክብ ነበር። ዳቦ ዱቄት ይፈልጋል፣ ዱቄት ወፍጮ ቤት ይፈልጋል፣ ወፍጮ ቤት ደግሞ እኔን ይፈልጋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ፣ የበቆሎና የስንዴ ድብልቁን በጀርባዬ አዝዬ፣ የቀርከሃ አጥራችንን ዞሬ ባባ ሐሰን ዘንድ መሄድ የዘወትር ሥራዬ ነበር። ጠልቼው አላውቅም። እንዲያውም ዱቄቱ ቶሎ ባለቀ እያልኩ እመኝ ነበር።

ባባ ሐሰን የበርታ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት የለበሰ። ጢሙን ግን ዱቄት ነክቶት አያውቅም። ወፍጮው ሲነሳ በሻሽ ይሸፍነዋል፣ ሲቆም ገልጦ በጣቶቹ እያበጠረ ይቀመጣል። ነጭ፣ ደረቱ ላይ የሚወርድ ጢም ነበር፤ እኔና ዘይነብ አንድ ቀን ብንነካው ብለን እንመኝ ነበር። ዘይነብ የልጁ ልጅ ናት፣ ጓደኛዬም። ድሮ ሰው ሁሉ በበኩር ልጁ ስም «አቡ ኢድሪስ» ይለው ነበር አሉ። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን በዚያ ስም የጠራው ሰው መልስ አያገኝም፤ እህሉም ወረፋው መጨረሻ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ባባ ሐሰን አልነው።

ወፍጮውን የሚያሽከረክረው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነበር። ማጥፊያው ከተሰበረ ዘመን ስላለፈው ባባ ሐሰን የሚያጠፋው አንቆ ነው። ቁራጭ ጆንያ አንስቶ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በርሜል ውስጥ ይነክራል፣ ጨመቅ ያደርገዋል፣ ከዚያ ሞተሩ አየር የሚስብበት አፍ ላይ በሁለት እጁ ይደፍነዋል። ሞተሩ ይንፈራገጣል፣ ያስላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጸጥ ይላል። እሱም በዚያው እርጥብ ጆንያ ፊቱንና አንገቱን ይጠርግና ሲጋራውን ይለኩሳል። ሞተሩ በእውነት የሚሞት፣ በማግስቱ ደግሞ ከሞት የሚነሳ ይመስለኝ ነበር። እሱም ይህንኑ ያጸናልኛል፤ «አንተ ለሊሴ፣ ራቅ በል፤ አሁን ይሞታል» ይለኛል። የባባ ሐሰን አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። እኔን «አንተ»፣ እናቴን «አንተ»፣ አህያውን ግን «አንቺ» ይላል። ጆንያው ለምን እንደሚነከር ስጠይቀው ደረቅ ጨርቅ እሳት ይጠራል፣ ውሃ እሳት ይገድላል አለኝ። የወፍጮ ቤቱ ሕግ ይህ ነበር።

ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ የማይሰማ ነገር የለም። ኢድሪስ የሚባል ልጅ እንዳለው የሰማሁትም እዚያው፣ ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ ነው። እናቱ ታማ ተኝታ ሳለ፣ አባቱ አትሂድ እያለው፣ ኢድሪስ ሥራ ፍለጋ በኩርሙክ ድንበር በኩል ወደ ካርቱም ሄደ። እናቱ ሞተች። ለቀብሯ አልደረሰም። ባባ ሐሰን ከመቃብር ሲመለስ በለቀስተኛው ፊት ማለ፤ ከኢድሪስ እጅ ውሃ እንኳ አልቀበልም አለ። ሴቶቹ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ነገሩ የእጅ ጉዳይ መሰለኝ። እጁ ላይ አንድ የሚያስጠላ ነገር፣ የማይድን ቁስል ወይም ስድስተኛ ጣት ሳይኖር አይቀርም ብዬ ደመደምኩ፤ ለዘይነብም ነገርኳት፤ እሷም አጎቷን አይታ ስለማታውቅ አመነችኝ።

በዚያ ዓመት አረፋ የዋለው በበጋ ነው። ማሽላው ታጭዷል፣ ማንጎዎቹ አበባ ይዘዋል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሳር ስለሚቃጠል ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ቡናማ ነው። ከበዓሉ ቀደም ብሎ ከሆሞሻ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ሜዳው ዳር ቆመና አቧራ የለበሰ ወጣት ከነሣጥኑ ወረደ። እኔና ዘይነብ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወትን ነበር። የዘይነብ እናት ሃዋ ከግቢ ወጥታ ሻሿ መንገድ ላይ ወድቆባት ሮጠች፣ ወንድሟ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ኢድሪስ ነበር። እኔ መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። ንጹሕ እጅ። አምስት አምስት ጣት። ቅር አለኝ።

ባባ ሐሰን በወፍጮ ቤቱ በር ቆሞ ልጁን አየው። ከዚያ ገባና ሞተሩን አስነሳ። የሚፈጭ እህል አልነበረም።

ኢድሪስ ሃዋ ቤት አረፈ፤ ከአባቱ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ሣጥኑን ሲከፍት እኔም ከዘይነብ ጀርባ ገብቼ ነበር። ለሃዋ ሱዳኖች የሚለብሱትን ረጅም ልብስና አንድ ብልቃጥ ሽቶ አወጣ፤ ሽቶውን እነሱ ሪሃ ይሉታል። ለዘይነብ ጫማ። ለእናቴ የሻይ ብርጭቆ፣ እኔን አይቶኝ ስለማያውቅ ግን ትንሽ አሰበና ከገዛ ኪሱ ማበጠሪያ አውጥቶ ሰጠኝ። ለአባቱ ምንም አልነበረውም። ሃዋ ቀስ ብላ ጠየቀችው። መሐላ እያለበት አምጥቼ ባስመልስ ምን ይበጀኛል አላት። በማግስቱ ሻይ ቀድቶ ለአባቱ በሁለት እጁ ሲያቀርብ አየሁ፤ ባባ ሐሰን ግንድ እንደሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ አለፈው። ሃዋ ለእናቴ ስታለቅስ ሰማኋት፤ አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ብቻ ከእጁ ቢቀበለው አለች። በዓሉ ሲያልፍ ኢድሪስ ይመለሳል፤ እንዲህ ሆኖ ከተመለሰ ደግሞ ዳግም አይመጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም በልጅ አእምሮዬ ይህንኑ ስጠብቅ ነበር።

ከሣጥኑ ሥር መጨረሻ ላይ የወጣችው መኪናዋ ናት። ቀይ፣ የድመት ቁመት ያላት፣ ጎማዋ ጥርስ ያወጣ፣ በሪሞት የምትነዳ። የባትሪ መጫወቻ አይደለችም፤ እውነተኛ ሞተር አላት፣ ናይትሮ በሚሉት የአልኮል ነዳጅ የምትሠራ። ኢድሪስ ካርቱም በዘበኝነት የሚሠራበት ቤት ልጅ ሰልችታው ሲጥላት አንስቶ ጠግኗታል። ትንሽ ባትሪ አናቷ ላይ ሰካ፣ ገመድ ሳብ ሳብ አደረገ፤ መኪናዋ ጮኸች። ጩኸቷ ከመጠኗ ጋር አይገናኝም። የማንጎው ወፎች በአንድ ጊዜ ተነሱ፣ ዘይነብ ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ኢድሪስ ባትሪውን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ሞተሩ አልጠፋም።

ክው አልኩ። ባትሪው ኪሱ ውስጥ ነው፣ ሞተሩ እየጮኸ ነው። የባጃጅ ካንዴላ ሽቦ ሲነቀል ባጃጁ ቀጥ እንደሚል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዘይነብ ውስጧ ጂን አለ ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች፤ እኔም ሌላ ማብራሪያ ስላልነበረኝ ተቀበልኩ። ኢድሪስ ስቆብን አስረዳን። ባትሪው ካንዴላዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ነው የሚያሞቃት፣ ከዚያ በራሷ ሙቀት ትቀጥላለች፤ ስለዚህ እሷን ለማጥፋት ሽቦ መንቀል አይሠራም። መጀመሪያ ሩጫዋን ማብረድ፣ ከዚያ ነዳጁ የሚያልፍበትን ቀጭን ጎማ ቆንጠጥ ማድረግ፣ ወይም የጭስ ማውጫዋን አፍ በደረቅ ወፍራም ጨርቅ መድፈን ነው። በባዶ እጅ በጭራሽ። እስክትበርድ ድረስም አትነካም።

ነዳጁ የመጣበት ቆርቆሮ መንገድ ላይ ስለተቀደደ ወደ ውሃ ፕላስቲክ ገልብጦታል። ውሃ ነው የሚመስለው። ፕላስቲኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ሲያወጣውም ከብብቱ አይለየውም። አንዴ ዘይነብ ልታሸተው ስትጠጋ እስካሁን ባልሰማነው ድምፅ ተቆጣት፤ ይህ ነገር ሰው ይገድላል አለ። ባባ ሐሰን ከወፍጮ ቤቱ በር ሆኖ ይህን ሁሉ ያያል። ልጁን አያይም፤ ልጁ የያዘውን ግን ያያል።

ሞተር አይቶ ዝም ማለት ደግሞ አይችልም። አንድ ቀን ኢድሪስ መኪናዋን ሲያጠፋ አይቶ ጠራኝ። ለእሱ ንገረው፣ ጨርቁን ያርጥበው፣ ደረቅ ጨርቅ እሳት ይጠራል አለኝ። ኢድሪስ እዚያው፣ ሁሉም በሚሰማበት ቦታ ቁጢጥ ብሏል። እኔ ግን የተላክሁ ነኝና ሄጄ ነገርኩት። ኢድሪስ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ለዚህች ደረቅ ነው የሚሻለው፣ ውሃ ከገባት ትበላሻለች በይልኝ አለ። ተመልሼ ነገርኩ። ባባ ሐሰን፣ እኔ ሞተር ማነቅ ስጀምር እሱ አልተወለደም በለው አለኝ። ሄጄ አልኩት። ከሰዓቱን እንዲህ ስመላለስ ዋልኩ። ቀና ብለው አይተያዩም፤ ጨዋታው እንዲያልቅ ግን ሁለቱም አልፈለጉም። ሃዋ ከጓዳ ሆና እየሰማች አፏን በሻሿ ይዛ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ልክ እንደታረቁ ቆጠርኩት። ለእናቴም ታረቁ ብዬ ነገርኳት፤ እናቴ አፍሽ ላይ ያድርገው አለችኝ።

የአረፋ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ሜዳው ላይ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፤ አረፋ ሲሆን ሰፈራችን አይለይም። ከመንጌ የመጡት የበርታ መለከት ነፊዎች ረጃጅሙን የቅል መለከት ይዘው ክብ ሠርተው እየተሽከረከሩ ይነፋሉ፤ እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ሲገጣጠም ግን ደረት ውስጥ ይገባል። ሃዋ ማንጎው ሥር ከሰል አያይዛ ሥጋ ትጠብሳለች። ባባ ሐሰን አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጢሙን አጥቦ አበጥሮ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኢድሪስ መኪናዋን ይዞ ሲመጣ ተነስቶ ይሄዳል ብለን ፈራን። አልሄደም። ሃዋ እናቴን በክርኗ ነካ አደረገቻት።

ኢድሪስ ለሩጫ እንዲመቸው የነዳጁን ፕላስቲክ ማንጎው ጥላ ሥር፣ ከአባቱ ወንበር አጠገብ አስቀመጠና መኪናዋን ለቀቃት። ሜዳውን እየሰነጠቀች ሄደች፣ ተመለሰች፣ ዘለለች። ሕዝቡ አበደ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተነስተው አዩ። ኢድሪስ ሪሞቱን ይዞ እስከ ሜዳው ጫፍ እየሮጠ ይከተላታል። እዚያ ጫፍ ላይ ሳለ ነው የሪሞቱ ባትሪ የደከመው። መኪናዋ ዞረች፣ ማንንም መስማት ተወች፣ በሰው እግር መሃል ሰንጥቃ መጥታ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳና የማሽላ ጆንያዎቹ መሃል ተቀረቀረች። ጎማዋ አፈር እየረጨ፣ ሞተሯ ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ ይጮኻል። ልጆች ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጠው ነበር። ኢድሪስ ከሩቅ እየሮጠ እንዳትነኳት ይላል፤ በመለከቱ ጩኸት ማን ይሰማዋል?

ተሾመ የሚባለው ባጃጅ ነጂ ጎረቤታችን ካንዴላዋን ልንቀል ብሎ ጎንበስ አለ። የሚነቀል ሽቦ አጣ። ጣቱን አቃጠለችውና ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ያኔ ባባ ሐሰን ከወንበሩ ተነሳ። አልቸኮለም። ከጆንያዎቹ አንድ ቁራጭ አነሳ፣ በርሜሉ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ስለሆነ ሩቅ ነበር፤ እግሩ ሥር ያለውን የውሃ ፕላስቲክ አንስቶ ጨርቁ ላይ አፈሰሰው። አንድ አፍታ ቆም አለ። ከዚያ ሄዶ የጭስ ማውጫዋን አፍ ደፈነው። መኪናዋ አስላች፣ ተንፈራገጠች፣ ጸጥ አለች።

እልልታው ቀለጠ። መኪናዋን አነቃት፣ በልጁ ፊት የልጁን ሞተር አነቀ! ባባ ሐሰን ቀና ብሎ እርጥቡን ጨርቅ ወደ ፊቱ አነሳ። እንደ ወፍጮ ቤቱ ልማዱ ላቡን ሊጠርግ ነው ብዬ አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ጠረገ፣ አንገቱን ጠረገ፣ ጢሙን ከላይ እስከ ታች አርጥቦ አሸው፣ ደገመው። ፊቱ ላይ አይቼው የማላውቀው ፈገግታ ነበር። ያ ቀዝቀዝ ያለ፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ እኔ ድረስ መጣ። ከዚያ ሲጋራውን አውጥቶ ሊለኩስ ወደ ሃዋ ከሰል ጎንበስ አለ።

ቀጥ ብሎ ተነሳ። እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ ደረቱን መታ፣ ዞረ። እንደገና ዞረ። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ እግሩን እያፈራረቀ መሬቱን ደበደበ። መለከት ነፊዎቹ አዩትና ምቱን አፈጠኑለት። ባባ ሐሰን፣ ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ሲጨፍር ታይቶ የማያውቀው ሰው፣ እየጨፈረ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ ከበቡት፣ ከእሱ ጋር እግራቸውን እያነሱ መታ መታ አደረጉ። እኔም እያጨበጨብኩ ሳቅሁ፤ ዘይነብም ሳቀች።

እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም ይላሉ። ጭስ የሌለው፣ ቀለም የሌለው፣ በጠራራ ፀሐይ ፊት የማይታይ እሳት እንዳለ ግን ማንም ነግሮን አያውቅም። መጀመሪያ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ከዚያ ጢሙን አየሁት። ያ ደረቱ ላይ የሚወርደው ነጭ ጢም ጫፉ እየተጠቀለለ ወደ አገጩ ይወጣ ነበር፤ ማንም ሳይነካው፣ ምንም ሳይነካው ያጥራል። ትከሻው ላይ አየሩ በቀትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚንቀጠቀጠው ይንቀጠቀጣል። የማየውን ነገር ስም አጣሁለት። እጆቼ ማጨብጨባቸውን አላቆሙም ነበር፤ ምን እንደሚያደርጉ ረስቻቸዋለሁ።

ኢድሪስ ያን ጊዜ ደረሰ። ሰዉን ገፍትሮ ገብቶ አባቱን በትከሻው መታና መሬት ላይ ጣለው፤ ላዩ ላይ ወድቆ ፊቱንና ደረቱን በሁለት እጁ ይደበድበው ጀመር። መለከቱ ተቋረጠ። ልጅ አባቱን፣ በአረፋ፣ በሕዝብ ፊት! ተሾመና ሌሎች ጎረምሶች ዘለው ያዙት፣ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘው እየጎተቱ ከአባቱ አራቁት። «ናር! ናር!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በአማርኛ፣ «እሳት ነው! አባቴ እየነደደ ነው!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ቤቶቹን አየ። የት ነው እሳቱ? ጣሪያ ላይ የለም፣ አጥር ላይ የለም። አብዷል አሉ። ኢድሪስን አጥብቀው ያዙት። ባባ ሐሰን ድምፅ ሳያሰማ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ሁላችንም ቆመን እናየዋለን። ምን ያህል ጊዜ እንዲህ እንደቆምን አላውቅም። አንድ ሰፈር ሙሉ ሕዝብ፣ ዓይን ያለው፣ የሚወደው ሰው ፊት ለፊቱ ሲቃጠል የሚያድነውን ሰው ይዞ ቆሟል።

እየተንከባለለ ከጆንያዎቹ ሥር ያለው የማሽላ አገዳ ላይ ደረሰ። አገዳው ተቀጣጠለ። ያኔ ነው እሳቱ ቀለም ያገኘው፣ ቢጫ ሆኖ እስከ ወገብ ተነሳ። «ያ ረቢ!» አለች እናቴ፣ ወፍጮ ቤት ገብታ ከበርሜሉ በጀሪካን ቀድታ ስትመጣ አየኋት። ጎረምሶቹ ኢድሪስን ለቀቁት። እሱ ውሃውን አልጠበቀም፤ በባዶ እጁ አገዳው ውስጥ ገባ።

የሆስፒታሉን ነገር ብዙ አላውቅም፤ ልጅ አይገባም። የሚመጣውን ወሬ ነው የምሰማው። ባባ ሐሰን ይተርፋል፤ ፊቱና አንገቱ ተልጧል፤ ዓይኑ ተሸፍኗል፣ ሲፈታ ግን ያያል ተብሏል። የኢድሪስ ሁለት እጆች እስከ ክርን ተጠቅልለዋል። ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ። እናቴ እህሉን ከተማ ማዶ መላክ ጀመረች፤ እኔን ግን አልላከችኝም፤ ማታ ማታ እየባነንኩ ስለማስቸግራት ከሰፈር አታርቀኝም ነበር።

ሰፈሩም ወሬውን አበሰለ። ሽማግሌው ውሃ መስሎት ነው፣ እንደ ወፍጮ ቤቱ ጨርቁን ሊያረጥብ፤ እስከዚህ ሁሉም ይስማማል። ከዚያ ወዲያ ግን ጥፋቱ የኢድሪስ ነው አሉ። ለእናቱ ቀብር ያልደረሰ፣ ለአባቱ እሳት ይዞ መጣ። ይህን ከሁሉ በላይ አጥብቆ የሚናገረው እጁን ጠምዝዞ የያዘው ተሾመ ነበር። ሃዋ ያን ቀን ከሰሉን ያያያዝኩት እኔ ነኝ እያለች ፊቷን ትቧጥጣለች። እናቴ ሃዋ ቤት ዳቦ ስትሰደኝ ኢድሪስን በር ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ የሚበላውን ዘይነብ ናት የምታጎርሰው።

ባባ ሐሰን ከሆስፒታል ሲመለስ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ኢማሙም፣ የእኛም ሰዎች፣ የወሎ ሰፋሪዎቹም። እኔ የእናቴን ዳቦ ይዤ ገብቼ ውጪ የሚለኝ ስላጣሁ ከዘይነብ ጋር ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ባባ ሐሰን አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጢም የለም። አገጭ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ትንሽ፣ የሕፃን አገጭ የመሰለ ቀይ አገጭ ነበረው። ኢድሪስ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን ባጭሩ አስቀመጡት። ልጁ ከሰፈር ይውጣ የሚልም አለ፣ ይቆይ የሚልም አለ፤ አንተ የምትለውን እናጸናለን አሉ። ባባ ሐሰን ሁሉም እንዲገባው በአማርኛ ተናገረ። ከንፈሩ ስለሚያመው ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጣው።

«ሰው ሁሉ ውሃ መሰለው ይላል» አለ። «መጀመሪያ አዎ። ጨርቅ ላይ ሳፈስ ግን ሸተተ። ውሃ አይሸትም። እኔ ሕፃን አይደለሁ።»

ሃዋ ከንፈሩን በውሃ አራሰችለትና ቀጠለ።

«ያ ፕላስቲክ ብዙ ቀን አየሁ። በጨርቅ ይጠቀልላል፣ ይቆልፋል፣ ልጅ ሲነካ ይቆጣል። ሪሃ ነው አልኩ። ለእህቱ ሪሃ ሰጠ። የኔን ግን ፈራ፤ መሐላ ፈራ። ስለዚህ እግሬ ጋ አስቀመጠ አልኩ። ከእጁ አልተቀበልኩም፣ ከመሬት ነው ያነሳሁት፤ መሐላ አይፈርስም። በአረፋ፣ ልጄ ያመጣው ሪሃ። ጢሜን ቀባሁ።»

ተሾመ ቀስ ብሎ አንገቱን አቀረቀረ። ኢድሪስ ከበሩ ሥር ቀና አለ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ ወደ ዘይነብ ዞርኩ፣ እሷም ዓይኗን ጨፍናለች።

ባባ ሐሰን ያልተቃጠለ ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣ። ድምፅ ወዳለበት ሳይሆን ባዶ ወደሆነው አቅጣጫ ዘረጋው፤ ኢድሪስ የት እንደተቀመጠ አያይም።

«አሁን መሐላ ኸላስ፣ አለቀ፤ ተቃጠለ» አለ። «ኢድሪስ፣ የኔን ሪሃ ስጠኝ።»

ሃዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ሣጥኗ ሄደች። የራሷን ብልቃጥ ልታመጣ እንደሆነ ሁላችንም ገባን፤ ጎዶሎ ነው፣ ግን ባባ ሐሰን አያይም። ኢድሪስ ራሱን ነቀነቀባት። ቆመች። በጉልበቱ እየሄደ አልጋው አጠገብ ደረሰና የተጠቀለሉትን ሁለት እጆቹን በተዘረጋው እጅ ሥር አደረጋቸው።

«የለም፣ አባ» አለ። «ለሁሉም አምጥቻለሁ። ለአንተ ግን ምንም አላመጣሁም።»

ባባ ሐሰን እጁን ከልጁ እጆች ላይ አልሰበሰበም።